በረሃ ገባ

"አገጯን ቀና ታድርግ በላት" አለ ቴነንቴው፣ ጣልያናዊው መቶ አለቃ፣ ጭንቅላቱን ከካሜራው ጥቁር ጨርቅ ሥር ሳያወጣ።

አስተርጓሚው ሰይዶ ነገራት። ወርቅውሃ አገጯን ቀና አደረገች። ቀጥሎ ወደ ግራ ዞር በይ፣ ቀጥሎ ቅሉን ከትከሻሽ ላይ አውርጂው፣ ቀጥሎ ፀሐይዋ ብትወጋሽም ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ። ከጠዋት ጀምሮ ሥራቸው ይኸው ነው። ነጠላዋን ወስደው ከሣጥን ያወጡትን ቀይ ጨርቅና የየት አገር እንደሆነ ያልታወቀ ጨሌ አድርገውላታል። ቅሉም የሷ አይደለም። እሷ የሶዶ ደገኛ ናት፣ እንሰት ስትፍቅ ያደገች፤ እንዲህ ያለ ነገር አንገቷ ላይ አስራ የምታውቅ አይመስላችሁ።

ቦታው ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሁለት ሰዓት የመኪና መንገድ ነው። ዝናብ ከጠፋ አምስት ወሩ፤ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል፣ ከግራር በቀር ጥላ የሚጥል ነገር የለም፣ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ አፍ ይሞላል። የአገሩ ሰው ከብቱን ይዞ ቶሎ የሚያልፈው ሜዳ ነው። ቴነንቴው ግን ከመኪናው እንደወረደ እጁን ዘርግቶ "ውብ ነው፣ ውብ ነው" እያለ ዞረ። የሮማ ሰዎች አፍሪካን እንሰት ለምልሞባት ማየት አይወዱም ብሎ መንገድ ላይ ለሰይዶ አጫውቶታል። የሚወዱት በረሃ ነው አለ፤ በረሃና አንዲት ቆንጆ ሴት።

ፎቶግራፉ ግን ለሮማ ብቻ አልነበረም። የወርቅውሃ ባል ዱባለ ከሸፈተ ዓመት አልፎታል፤ ሁለት ካሚዮን አቃጥሎባቸዋል። የሚስቱ ምስል በወረቀት ታትሞ፣ "ዱባለ ሆይ፣ ሚስትህ እዚሁ አለች፤ እጅህን ስጥ፣ ምሕረት ታገኛለህ" ተብሎ ተጽፎበት በዚህ ቆላ ላይ ከአውሮፕላን ሊበተን ነው። ምሕረቱን እንኳ ሁሉም ያውቀዋል። ባለፈው ኅዳር እጃቸውን የሰጡ ሁለት ወንድማማቾች ምሕረታቸውን ያገኙት በገመድ ነው።

ጉዱ ያለው ሌላ ጋ ነው። ዱባለ በዚህ ቆላ ዝር ብሎ አያውቅም። ያለው በስተጀርባ፣ ዘቢዳር ተራራ ላይ፣ ጉም ውስጥ ነው።

ጥፋቱ የሰይዶ ነው። ሰይዶ ጣልያንኛ የለመደው ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ፣ አንድ ጣልያናዊ የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ነው። ሜትር ያውቃል፣ ቀለም ያውቃል፣ ውድ፣ ርካሽ፣ ነገ ተመለስ፣ ሣጥኑን አንሣ ያውቃል። ስለ ሽፍታ የሚወራበት ጣልያንኛ ከየት አባቱ ይምጣ? ከወር በፊት አንድ ሽማግሌ አስረው ዱባለ የት ነው ብለው ሲያፋጥጧቸው፣ ሽማግሌው "ዱባለማ በረሃ ገባ" አሉ። የአገር ሰው ሁሉ ሸፈተ ማለታቸው እንደሆነ ይገባዋል፤ የሸፈተ ሰው ተራራ ላይ ሆኖ ብርድ አጥንቱን ቢቆረጥመውም በረሃ ገባ ነው የሚባለው። ሰይዶ ግን ቃሉን እንዳለ አንሥቶ አስቀመጠው። "ዴዜርቶ" አለ፤ ምድረ በዳ ማለት ነው።

የቴነንቴው ጣት በካርታው ላይ ወደ ቆላው ሲወርድ ሰይዶ ስህተቱን አየ። አየና ዝም አለ። ተሳሳትኩ ማለት ዋሸሁ ማለት ነው፤ የዋሸ አስተርጓሚ ምን እንደሚደርስበት ከሱ በፊት የነበረው አሳይቶታል። ደግሞም፣ እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ ሰውየው ይዳን፣ ምናለበት ብሎ ነበር። ወዲያው ወታደር ወደ ቆላው ወረደ። ዱባለን ደብቃችኋል ተብለው ሁለት መንደሮች ነደዱ። ሰይዶ ያን ሰሞን እህል አልዋጥልህ ቢለውም፣ ውሎ አድሮ መብላቱ አልቀረም። የተቃጠለው የሰው ቤት ነበራ።

ዛሬ ጠዋት መኪናው ውስጥ ቴነንቴው ነገ የሚቃጠለውን መንደር ስም ጮክ ብሎ አነበበ። እዚያ ከጉብታው ማዶ ያለው መንደር ነው። የሰይዶ ታናሽ እህት፣ ከድጄ፣ የተዳረችው እዚያ ነው።

ቴነንቴው ፊልም ሊቀይር ወደ መኪናው ሲሄድ ሰይዶ ለወርቅውሃ ውኃ አቀበላት። ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሁለት አስካሪዎች፣ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ አማርኛ ስለሚሰሙ በጉራግኛ አወራት። እሱ መስቃን ነው፤ የመስቃንና የሶዶ ንግግር ባይገጥምም ያግባባል።

"እዚህ ለምን አመጡኝ?" አለችው። "እዚህ ምን አለ?"

ሁሉንም ነገራት። የሽማግሌውን ቃል፣ ዴዜርቶውን፣ የተቃጠሉትን መንደሮች፣ የነገውን። ወርቅውሃ ውኃውን ሳትጠጣ ይዛ አዳመጠችው። መጀመሪያ ላይ ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። ደስታ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ይሄን ወር ሁሉ ባሏ በምን ተአምር እንዳልተያዘ ሲገርማት የሰነበተች ሴት ናት።

"እንግዲያው ባሌን በሕይወት ያኖርከው አንተ ነህ" አለች።

"በስህተት ነው።"

"በምንም ይሁን። ወንድሜ፣ በእናትህ ሞት፣ ቃሉ እንዳለ ይቅር።"

"እህቴ አራት ልጆች አሏት፣ ወርቅውሃ። ትንሿ ገና አልቆመችም።"

ወርቅውሃ ከጨሌው አንዱን ዘለላ በጣቶቿ እያሸች ወደ ጉብታው አየች። ቀጥሎ ያለችው ድምፅዋ ወርዶ ነው።

"ተው ለማለት አፌ አይታዘዘኝም። ንገረው ልልህም አልችልም፤ ባሌ ነው። ብትናገር አልረግምህም። ይሄን ብቻ ነው የምልህ።"

ብትረግመው ይሻለው ነበር። ሰይዶ ውኃውን ተቀብሏት ወደ መኪናው ሄደ። ሃያ እርምጃ በማይሞላው መንገድ ላይ ሁለቴ ቆሟል። ወላሂ ለነፍሴ ብዬ አይደለም እያለ ለራሱ ይምል ነበር። ማንም ግን አልጠየቀውም።

"ሲኞር ቴነንቴ፣ ዱባለ እዚህ የለም" አለ። "ተራራው ላይ ነው፣ ዘቢዳር። ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እነዚህ የቆላ ሰዎች አይተውትም አያውቁ።"

በጥፊ ይመታኛል ብሎ ፊቱን አዘጋጅቶ ነበር። ቴነንቴው አልመታውም። ካሜራውን አስቀምጦ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ፣ የተራራውን ስም ሁለቴ አስደግሞ ጻፈ፣ ከዚያም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ዘግይተህም ቢሆን ደግ ሠራህ አለው። በደስታ ነው ያለው፤ ክፋቱም እሱ ነው።

"እንግዲህ የነገው ይቀራል" አለ ሰይዶ።

"የቱ የነገው?"

"መንደሩ። ሰውየው ከሌለ…"

ቴነንቴው በነገሩ የተገረመ መሰለ። "የነገው ትእዛዝ ተፈርሟል" አለ። "ወረቀቱን የሚበትነው አውሮፕላንም ታዟል። ተራራውን ቅዳሜ እንሄድበታለን።" ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየና ብርሃኑ ሳይሸሽ አንድ የመጨረሻ ፎቶግራፍ እንደሚፈልግ ተናገረ። ባሏን በቅርቡ እንደምታገኘው ንገራትና ፈገግ ትበል አለው።

ሰይዶ ተመለሰ። ይሄን ሁሉ መንገድ መጥቶ የሸጠው ሰው አንድ፣ የገዛው ባዶ እጅ። ወርቅውሃ እዚያው እንደቆመች ነው። ጣልያንኛ አትሰማም። ምንም ብሎ ሊያታልላት ይችል ነበር፣ ማንስ ያውቅበት? መንደሩ ተረፈ ቢላት እንኳ ለምን እንደነገደባት ምክንያት ይሆነው ነበር።

"ምን አለ?" አለችው።

"ዘቢዳርን ነገርኩት። ጻፈው። ቅዳሜ ይሄዱበታል።"

"እህትህስ?"

"እሷንም አልተዋት።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ይሄው ነው። አሁን ፈገግ በይ ይላል።"

ወርቅውሃ አልረገመችውም፣ ቃሏን ጠበቀች። ቅሉን መሬት ላይ አኖረች። ከዚያ አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። ቴነንቴው ከሩቅ ሲያያት ተደሰተ፤ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር ገብቶ፣ እንዲያውም ልቅሶው ይሻላል፣ እንዳትነካት፣ እንዳለች ትሁን ብሎ ጮኸ።

ሰይዶ በካሜራውና በሷ መካከል ነበር የቆመው።

"ዞር በል!" አለ ቴነንቴው።

ይሄን ቃል ሰይዶ ከሁሉም አብልጦ ያውቀዋል። ሱቅ ውስጥ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ደህና ገዢ በገባ ቁጥር የተባለው ይሄንኑ ነው። ለመስማት ማሰብም አያስፈልገውም፤ እግሩ ቀድሞ ይሄድ ነበር።

አልሄደም። ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ፣ ሰፋ ብሎ፣ ሴትዮዋን ሸፍኖ ቆመ።

ቴነንቴው ደገመው። ሦስተኛውን ሲጮህ አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው ከጥላው ተነሡ። አንደኛው እየቀረበ በአማርኛ፣ "አንተ፣ ጌታው ምን እንደሚልህ አትሰማም?" አለው።

"አልሰማም" አለ ሰይዶ። "ጣልያንኛ አላውቅም።"