በዋግ ጉርሻ አይሰጥም

ቤታችሁ የመጣ ሰው «ቅረብ፣ ብላ» ስትሉት «በልቼ ነው የመጣሁ» ቢላችሁ፣ ገበታውን አንሥታችሁ ጓዳ ታስገባላችሁ?

አታስገቡም። ብታስገቡ ጎረቤት ሰባት ዓመት ያወራባችኋል። ሰውየው መራቡን ታውቃላችሁ፤ እሱም ማወቃችሁን ያውቃል። «በሞቴ!» ትላላችሁ፤ «ኧረ አይሆንም» ይላል፤ ክንዱን ይዛችሁ ትጎትቱታላችሁ፤ ከዚያ ይታጠባል። ይህን ሰቆጣ ውስጥ የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። አዲስ አበባ በሚሽከረከር ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ የአስጎብኚ ድርጅት ጸሐፊ ግን አያውቀውም። አለማወቁ ባልከፋ፤ ሳያውቅ ስለ እኛ ወረቀት ጻፈ እንጂ።

እኔ በዋግ፣ ሰቆጣ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እንግዳ ሲመጣ አስተረጉማለሁ፤ ከጦርነቱ ወዲህ የሚመጣው በጣት የሚቆጠር ነው። ደረሰ እዚሁ ዋግ ውስጥ የፃግብጂ ወረዳ ገበሬ ነው፤ አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረችው። የቤቱ ቆርቆሮ በጦርነቱ ጊዜ ተነቅሎ ስለተወሰደ ከሚስቱ ከጥሩሐረግና ከልጆቹ ጋር በእርዳታ ሸራ ሥር ሦስት ክረምት አሳልፏል። ሸራው አርጅቶ ነበር። አራተኛውን ክረምት እንደማይችል ያየው ሁሉ ይናገር ነበር።

አምና ግንቦት ላይ ድርጅቱ ማርቲን የሚባል አንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ላከ፤ አራት ቀን ተራራውን ሊዞር። የድርጅቱ ወኪል ይሄይስ የቀኑን ክፍያ ሲነግረው ደረሰ አንገቱን ነቀነቀ።

«ይኼማ የበቅሎዋን ገብስም አይችል።»

«ዋናው እሱ መች ሆነና!» አለ ይሄይስ። «ፈረንጅ መጨረሻ ላይ ጉርሻ ይሰጣል። ባገራቸው አስተናጋጁም ሹፌሩም የሚኖረው በዚያ ነው። ያንተ ደመወዝ እሱ ነው።»

ደረሰ ወደ እኔ ዞረ። «እውነቱን ነው መምህሬ?»

«እውነቱን ነው» አልሁ። እውነትም ነው፤ የሰው ላብ ዋጋ በእንግዳ ደግነት ላይ መንጠልጠሉ ሊያናድደኝ ይገባ ነበር እንጂ።

«እንግዲህ ቆርቆሮዬ በፈረንጅ ኪስ ውስጥ ነው ያለ በለኛ!» ብሎ ሳቀና በቅሎዋን ጫነ።

ማርቲን ክፉ ሰው አልነበረም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ማስቀየም። በሁለተኛው ቀን፣ ጥላ ሥር ዐረፍ ብለን ቆሎ ስንቆረጥም፣ በየአገሩ ያጋጠመውን አጫወተን። ጃፓን ውስጥ ምግብ በልቶ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ትቶ ቢወጣ፣ አስተናጋጇ ሳንቲሙን ይዛ መንገድ ለመንገድ ሮጣ መለሰችለት። አሜሪካ ደግሞ ጥቂት ትቶ ቢወጣ፣ አስተናጋጁ «ምን በደልሁህ?» እያለ እየጮኸ ተከተለው። በአንዱ አገር መስጠት ነውር፣ በሌላው አለመስጠት ነውር።

ይህን ለደረሰ ስተረጉምለት ቆሎውን ይዞ ቀረ። «ታዲያ ይኼ ሰውዬ ሳይሮጡበት የበላ የት ነው?»

ማርቲንም ሲተረጎምለት እስኪያስለው ሳቀ።

በሦስተኛው ቀን የማርቲን ጉልበት አበጠ። ቁልቁለቱ ለበቅሎም የሚያስቸግር ስለነበር ደረሰ ትከሻውን ሰጥቶ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ፣ አንድ አንድ እርምጃ እየቆጠረለት አወረደው። ማታ ውኃ አሙቆ በጨው ዘፈዘፈለት። እኔ ከኋላ እየተጎተትሁ የሁለቱን ቃል አመላልስ ነበር። የሰው ቃል መሸከም ከስልቻ ይከብዳል፤ ስልቻ ቢያንስ ይወርዳል።

በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ሰቆጣ ገባን። ሆቴሉ በር ላይ ማርቲን ከቦርሳው ፖስታ አወጣና በሁለት እጁ ለደረሰ ዘረጋለት። ፖስታው ወፍራም ነበር።

ደረሰ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ኧረ በማርያም! ምን ሠራሁና! እንግዳ አይደሉም እንዴ!»

ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚለው። እጁን እንደ ለማኝ ቢዘረጋ እናቱ ከመቃብር ትታዘበዋለች። የሚጠብቀው ያቺን «በሞቴ» ነበር። ማርቲን ግን ፊቱ ቀልቶ፣ ፖስታውን አየር ላይ እንደያዘ፣ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰደብሁት እንዴ?»

ከእኔ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ነው፦ «ድገመው፤ ለምነው።» እግሬ ውኃ ቋጥሯል። ጀርባዬ ተቆርጧል። በማግስቱ ስድሳ ተማሪ ይጠብቀኛል። ስለ እምቢታችን ሥርዓት ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሩብ ሰዓት አልነበረኝም። ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ደስ የሚል ነገር መናገር አማረኝ።

«አልሰደብኸውም» አልሁት። «እኛ ኩሩ ሕዝብ ነን።»

ማርቲን እንባ አቀረረ። ፖስታውን ቦርሳው ውስጥ መለሰና የደረሰን እጅ አጥብቆ ጨበጠ፤ ፎቶም ተነሡ። ከዚያ ለእኔ የተዘጋጀውን ፖስታ አወጣ። እኔ የተማርሁ ነኝ፤ ፈረንጅ ሁለት ጊዜ እንደማይለምን አውቃለሁ። በመጀመሪያው ተቀበልሁ። ደረሰ የበቅሎዋን እርካብ እያስተካከለ አየኝ።

በሐምሌ ሸራው ተቀደደ። ደረሰ፣ ሰቆጣ ላይ የሚያውቀው እንዳያየው፣ በቅሎዋን ኒሯቅ ገበያ ድረስ ወስዶ ሸጣትና ቆርቆሮ ገዛ። አሁን በቀን ሥራ ለሰው ድንጋይ ይፈልጣል።

በጥቅምት አራት እንግዶች መጡ። ሲጨርሱ ሦስቱን ባለበቅሎዎች አንድ በአንድ፣ ክንዳቸው እስኪዝል፣ ጨብጠው ሊሄዱ ሆነ። ከእንግዶቹ አንዲቱን ጠጋ ብዬ በዘዴ ብጠይቃት ድርጅቱ የሰጣቸውን የምክር ወረቀት አሳየችኝ። የየአገሩን ልማድ ከዘረዘረ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «በዋግ ጉርሻ አይሰጥም። ሕዝቡ ኩሩ ነው፤ ገንዘብ መዘርጋት ስድብ ነው። ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ ይበቃል።»

ደሜ ፈላ። ለይሄይስ ደወልሁ።

«ማን ጻፈው ይኼን?»

«ማርቲን ካገሩ በላከው ደብዳቤ ላይ ተመሥርቶ ነው። ቢሮው በጣም ወዶታል።»

«ይወደዋላ! ጉርሻው ከቀረ የቀን ክፍያውን ጨምሩ እንጂ!»

«እሱ በበጀት ነው፣ መምህር። ይልቅ ያን ጊዜ ያስተረጎምኸው አንተ አልነበርህ?»

ስልኩን ዘጋሁበት። ለድርጅቱ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፍሁ። ጉርሻን ደመወዝ አድርጎ ቃል መግባት፣ ቀጥሎም ጉርሻውን ራሱ በወረቀት መከልከል፣ ዝርፊያ መሆኑን ጻፍሁ። የሰውን ጨዋነት ለሠራተኛ ላለመክፈል ሰበብ ያደረገ ሰው በአደባባይ ይጠየቅ አልሁ። መልስ አልመጣም። ሁለተኛ ላክሁ። አልመጣም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ባለበቅሎዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተሰበሰቡና የምክር ወረቀቱን ቃል ነግሬ ደብዳቤውን አነበብሁላቸው። ሌላውም ምእመን ቆሞ ያዳምጥ ነበር። በጥሩ ድምፅ አነበብሁት፤ አጨበጨቡ።

«መምህር፣ እንዲህ አድርገህ ስትሰድባቸው ደስ ይላል» አለ ምሳው የሚባለው ባለበቅሎ። «ግን ስድብ ገብስ አይገዛም።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሴቶቹ በኩል የደረሰ ሚስት ጥሩሐረግ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። ባሏ አልመጣም፤ በቅሎ የሌለው ሰው በባለበቅሎዎች ስብሰባ ምን ያደርጋል?

«መምህር፣ ደብዳቤዎ ያምራል» አለች። «አንድ ሰው ብቻ ጎደለው።»

«ማን?»

«እርስዎ።»



«ያ ሰውዬ አማርኛ አያውቅ፣ የኛን ቋንቋ ኽምጣናን አያውቅ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ኩራታችንን ከየት አገኘው? ደረሰ ያለው ‹ምን ሠራሁና› ነው። እኔ ለሃያ ዓመት እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ በእናቴ ቤትም፣ በሠርጋችንም። አንድም ሰው ሳህኑን ከፊቱ አንሥቶበት አያውቅም።»

«ጥሩሐረግ፣ ቤት ሄደን እንነጋገር» አልሁ።

«ቤቴማ በበቅሎ የተከደነ ቤት ነው። እዚያ እኔና ደረሰ ብዙ ተነጋግረናል። እሱ ‹መምህሩን ተይው፣ ደክሞት ነው› ይላል። ደክሞዎት ይሆናል። እሱም ደክሞት ነበር።»

ዐሥር ጊዜ መልስ ጀመርሁ። ስለ ድርጅቱ፣ ስለ በጀቱ፣ ስለ ወረቀቱ። ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። ሊሄዱ የነበሩት ሁለት ቄሶችም በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሰው ሳይበተን፣ እዚሁ ይንገሩን» አለች ጥሩሐረግ። «ባሌ እጁን ወደ ኋላ ሲያደርግ፣ ፈረንጁ ዞሮ ሲጠይቅዎ፣ ምን ብለው መለሱለት?»