ግድግዳ በሩጫ

ፊልም አቀናባሪዋ ዓመት ሙሉ ስትቆርጥና ስትቀጥል የከረመችበትን የሥዕል ታሪክ ዘጋቢ ፊልም ነገ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ታስረክባለች። ዛሬ ግን በፍላሽ ይዛ አባቷ ቤት መጣች። ሰውየው እስከ ዛሬ የሠራቻቸውን ሁሉ መሐል ላይ ጥለውባት ተነሥተዋል፤ አንዱን እንዲያውም ርዕሱ ሳያልቅ። አርባ ዓመት ግድግዳ የለሰኑ ሰው ናቸውና፣ ስለ ግድግዳ ሥዕል የሚያወራውን እንኳ እስከ መጨረሻው ያዩልኛል ብላ ነው። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ምስጋናውም ይቅርባት።

ገና ከመጀመሩ ነገር ፈለጉ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«አቅራቢው ነው አባባ።»

«ታዲያ ሥዕሉን ምን አባቱ ይጋርደዋል?»

«እያስረዳ ነው።»

«ዞር ብሎ አያስረዳም?»

ካሜራው ወደ ሥዕሉ ተጠግቶ ጣት አሳየ፣ ዓይን አሳየ፣ ከዚያ አቅራቢውን ደረጃ ሲወጣ። አባቷ ሶፋውን ጠበጠቡት። «ኧረ አቁሙልኝ! ሰው ግድግዳ በሩጫ ያያል እንዴ?» ብለው ብድግ አሉ።

እርር ድብን አለች። አባትን «እርስዎ» እያሉ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል። ሪሞቱን አንሥታ ፊልሙን ግድግዳው ሙሉ በሙሉ የሚታይበት ቦታ ላይ አቆመችው።

«ይኸው ቆመልዎት! እስኪወጣልዎት ይዩት!»

ጥለው ይወጣሉ ስትል መነጽራቸውን አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ይቺን መስመር ታያለሽ? ለሳኙ እዚህ ጋ መሽቶበታል።»

«የቱ ለሳኝ?»

«ልስኑ ሳይደርቅ ነው የተሳለው አላለም ሰውዬሽ? እንግዲያው ለሳኙ የሚለስነው ሠዓሊው በቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው። በማግስቱ ከዚህ ይቀጥላል። ይቺ ፊት ለብቻዋ አንድ ቀን ፈጅታለች።» ጣታቸው ወደ ሰማዩ ወጣ፤ ወዲያ ወዲህ ፈለገ። «እዚህ ጋ ግን መጋጠሚያ የለም። ይሄን ሁሉ ሰማይ በአንድ ቀን? እኔ አርባ ዓመት ለስኜ…» ሰማዩን እንደገና በጣታቸው ዳሰሱ። «ይሄስ የሰው ሥራ አይደለም።»

ልጅቱ እውነቱን ታውቃለች። ሰማዩ ላይ ስድስት መስመሮች ነበሩ። ስንጥቅ መስሏት፣ ለዓይን አያምርም ብላ፣ አንድ በአንድ በኮምፒውተር ያጠፋቻቸው ራሷ ናት። ዝም ብትል ያልፋል። የአባቷን ዓይን ስታይ ግን አልቻለችም።

«አባባ፣ ስድስት መስመር ነበረው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ስንጥቅ መስሎኝ።»

ዞር ብለው አዩዋት። «ስድስት ቀን ሙሉ የለፋን ሰው?»

«አላወቅኩም።»

«መልሺው።»

«ነገ እኮ ማስረከቢያዬ ነው!»

«መልሺው አልኩሽ!»

እየተነጫነጨች ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። አባቷ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና «ያቺን ረሳሻት»፣ «ከላይ ጀምሪ እንጂ» እያሉ ነፍሷን አወጧት። ስትጨርስ ፊልሙን ከመጀመሪያው እንድታስጀምረው አዘዟት። አቅራቢው በመጣ ቁጥር እየተሳደቡ፣ ካሜራው በሮጠ ቁጥር እያማረሩ፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። የሠራተኞቹን ስም ሁሉ፣ የእሷንም ጭምር፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«የለሳኙ ግን አልወጣም» አሉ።

«አይታወቅም አባባ።»

«አዎ» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ፤ «የእኛ አይታወቅም።»