የቀበቶ ማስገቢያ የሌለው ሱሪ

ሱሪው ከልብስ ሰፊው ቤት የመጣ ዕለት እናትየዋ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ወገቡን ይዛ ዙሪያውን ማገላበጥ ነበር። አንዴ አዞረችው፣ ደግማ አዞረችው፣ ከዚያ መስኮቱ ድረስ ወስዳ በብርሃን አየችው።

"የለውም!" አለች።

"ምኑ?" አለ ባሏ ከሶፋው ሳይነሳ።

"የቀበቶ ማስገቢያ! ሰውዬው ረስቶታል! ወገቡ ልሙጥ ነው፣ እንደ ቀሚስ!"

ልጇ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደያዘ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለ። "አልረሳም እማዬ። እኔው ነኝ አታድርግበት ያልኩት።"

እናትየዋ ወንበር ፈልጋ ቁጭ አለች።

ሰፈርተኛው ይቺን ሴት "እትዬ ምናልባት" ይላታል። ስልክ ከጠራ "ምናልባት መርዶ ይሆናል" ትላለች። አውቶቡስ ከዘገየ "ምናልባት ተገልብጦ ይሆናል።" ልጇን የወለደች ቀን እንኳን፣ ጤነኛ ነው ብለው ደረቷ ላይ ቢያስተኙላት፣ "ምናልባት የሌላ ሰው ልጅ እንዳይሆን" ብላ አዋላጇን እንዳሳቀቻት ባሏ እስከዛሬ ያወራል።

ይህን ጊዜ ግን የምትጨነቅበት አላጣችም። ልጇ የከተማው ኦርኬስትራ ምክትል መሪ ነው። ዋናው መሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ነው። የፊታችን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በትልቁ አዳራሽ፣ ሙሉውን ዝግጅት እሱ እንዲመራ ተሰጥቶታል። ካማረለት ቦታው የእሱ ነው። ካላማረለት ከሌላ ከተማ ሰው ይመጣል፣ እሱም ምክትል እንደተባለ ያረጃል። ቤቱ በሙሉ ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ባልየው የሙሽራ አባት የሆነ ይመስል ጫማውን በቀን ሦስቴ ይወለውላል።

"እና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት" አለች እናትየዋ፣ "ሱሪህን በምን ልትይዘው ነው? በጸሎት?"

"በወገቤ" አለ ልጁ፣ አረፋውን እየዋጠ።

ሱሪውን ብብቷ ስር ሸጉጣ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደች። ሰውየው "ሴንቲ" ነው የሚባለው፤ ሰላም ሲል እንኳ በዐይኑ ትከሻና ወገብ ይለካል። ገና በሩ ላይ ሲያያት ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

"እትዬ፣ ምነው? ጠበበው እንዴ?"

"ጠብቦት ቢሆን በማን ዕድሌ! ይሄን ሱሪ ቀበቶ ማስገቢያ አድርግበት።"

"እሱን እንኳን አላደርግም።"

"ለምን?"

"ልጅዎ ሥራው ምንድን ነው?"

"እጅ ማንሳት" አለች በንዴት።

"እኔስ ምን አልኩ! እጁን ሲያነሳ ኮቱ ከኋላው ይነሳል። ሕዝቡ ደግሞ የሚያየው ጀርባውን ነው። ቀበቶ ካለ ከኮቱ ስር ብቅ ጥልቅ እያለ ሰውየውን መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል። ዞሮ እጅ ሲነሳ ደግሞ ዘለበቱ በመብራቱ ብልጭ! ሰው ፊቱን ትቶ ሆዱን ያያል። ያለ ቀበቶ ግን ከአንገቱ እስከ ተረከዙ አንድ መስመር ነው። ረጅም! ንጹሕ! እስኪ ያስቡት።"

እሷ ግን የምታስበው ሌላ ነገር ነበር። "ሲወልቅስ?"

"በልኩ የተሰፋ ሱሪ ምን ሲል ይወልቃል?"

"ከለካኸው በኋላ ከስቷል! በጭንቀት ምግብ የሚባል አልቀምስ ብሏል!"

ሴንቲ ሱሪውን ተቀብሎ ጎኑን አሳያት። በቀኝም በግራም ትንሽ የጨርቅ ምላስ ተሰፍታለች፤ ከእያንዳንዷ ኋላ ሁለት ቁልፎች አሉ። "ከወፈረ እዚች ላይ፣ ከከሳ ሳብ አድርጎ እዚያች ላይ ይቆልፋታል። አለቀ።"

እትዬ ምናልባት ቁልፏን በጥፍሯ ነካ አደረገቻት። የምስር ፍሬ ታህላለች። የልጄ ዕድል፣ አለች በሆዷ፣ የልጄ የዕድሜ ልክ እንጀራ በዚች ላይ ተንጠልጥሎ!

እሑድ ደረሰ። ልጁ ለብሶ ከክፍሉ ሲወጣ ባልየው የያዘውን የጫማ ብሩሽ ጣለ።

"ኧረ በስመአብ! ማነው ይሄ ሚኒስትር?"

እውነትም ያምር ነበር። ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ሱፍ፣ ወተት የመሰለ ሸሚዝ፣ ሳይጠብቅ ሳይላላ የታሰረ ከረባት። ሱሪው ከወገቡ ተነስቶ አንድ ቦታ ሳይሰበር ጫማው ላይ ያርፋል። መሃሉ ላይ ጥቁር ቆዳ የለ፣ ብረት የለ፣ ኪሱ እንኳን የሚያብጥ ነገር አልተከተተበትም። እናትየዋ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ይሄን ወለድኩ እኔ! እልል ልትል አፏን ከፍታ ሳለ ዐይኗ ወገቡ ላይ ወደቀና አፏን መልሳ ገጠመች።

ልጁ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ኖታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ቆሞ በጣቶቹ አየሩን መታ መታ ማድረግ ጀመረ። እንዲህ ሲሆን ቤት ቢቃጠል አይሰማም። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎታል።

እትዬ ምናልባት መርፌዋን አነሳች። ክሩ ሻንጣ የጠገነችበት ነው፤ ሰው ቢጎትተው ሰው ይበጠሳል እንጂ እሱ አይበጠስም። ትከሻውን ነካ አደረገችው።

"ከኋላህ ክር ተንጠልጥሏል፣ ቁም ላስተካክልልህ።"

"እሺ እማዬ" አለ፣ ምን እንዳለችው ሳይሰማ።

ተንበረከከች። ሸሚዙን ከሱሪው ወገብ ጋር ከኋላ፣ ከጎን እስከ ጎን፣ ደርባ ደርባ ሰፋችው። ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ዐይኑ ፈጠጠ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እሱም ይህችን ሴት ከጀመረችው ነገር መመለስ እንደማይቻል ስለሚያውቅ ወደ ጫማው ተመለሰ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ሽቶ፣ ወሬ፣ የወንበር ኳኳታ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቫዮሊኖች ሲቃኙ የሚያሰሙት ሲቃ። ሽማግሌው መሪ የፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ ምናልባት ከባሏ ጎን እግሯን ዘርጋ አድርጋ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንዲህ ተረጋግታ አታውቅም።

"ምን ሆነሻል?" አለ ባሏ። "አመመሽ?"

"ኧረ ደህና ነኝ። ምን እንዳይመጣ?"

ይህን ብላ ሳትጨርስ አንዲት ወጣት ሴት፣ ጥሩንባዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በረድፎቹ መሃል እየሮጠች መጣች።

"እናቴ፣ የመሪያችን እናት እርስዎ ነዎት? ቶሎ ይምጡ! ሱሪው!"

"ወለቀ!" ብላ ጮኸች፤ ሦስት ረድፍ ሰው ዞሮ አያት። ከዚያ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። የማን እግር እንደረገጠች አታውቅም። በጎን በሩ ገብታ፣ በጠባቡ መተላለፊያ የከበሮ ሳጥን እየገፋች ሮጠች። ነግሬ ነበር! ነግሬአቸው ነበር!

ሱሪው ግን አልወለቀም። እንዲያውም ልጇ መስታወት ፊት ለፊት ቆሞ፣ እጆቹን እስከ ትከሻው አንስቶ፣ ከዚያ በላይ አልወጣ ብሎት ነበር። ትንሽ ጨመር ሲያደርግ ሱሪው አብሮ ይነሳል፤ ካልሲው እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያም በላይ ይታያል። እጁን ሲያወርድ ሱሪው አብሮት ይወርዳል። ዙሪያውን የቆሙት ሙዚቀኞች ከንፈራቸውን ነክሰው ጣራ ጣራ ያያሉ።

"እማዬ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ምን አድርገሽኝ ነው?"

"እንዳይወልቅ ብዬ..."

"ሰፋሽኝ?"

"በትንሹ።"

"በትንሹ!" አለ ከበሮ መቺው። "እትዬ፣ በእጃችን ሞክረን ሞክረን አቃተን እኮ። የምን ክር ነው? የመርከብ?"

"የሻንጣ" አለች፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ እያላት።

የመጀመሪያው ደወል ተደወለ። ልጁ ሳቁና ንዴቱ ተቀላቅለውበት ፊቱ ቀላ። "እማዬ፣ መጀመሪያው ላይ እጄን እስከዚህ ካላነሳሁ" አለና ከራሱ በላይ ያለውን ቦታ በዐይኑ አሳያት፣ "ከኋላ ያሉት ጥሩንባዎች አያዩኝም። ካላዩኝ አይገቡም። ካልገቡ ደግሞ አበቃልኝ።"

አበቃልኝ! ይህን ቃል እሷ በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች፤ ከእሱ አፍ ግን ሰምታው አታውቅም።

"መቀስ!" አለች። መቀስ የለም። በመጨረሻ ክላርኔት ነፊው ከሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ቢላዋ አወጣ፣ የመሣሪያውን የሸምበቆ ምላስ የሚስልበትን። "ስለታም ነው፣ እኔ ልቁረጠው?" አለ።

"ዞር በል ልጄ። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አካሄዱን አውቃለሁ።"

ተንበረከከች። ቢላዋው ከጨርቁ ጋር ተያያዘ። ቢስትስ? ሱሪውን ብትተረትረውስ? ከኋላው፣ ሕዝቡ በሚያየው በኩል? እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"እማዬ፣ እጅሽ" አለ ልጁ ሳይዞር።

"አውቃለሁ! ዝም በል! አትተንፍስ!"

"ሳልተነፍስ እንዴት ልምራ?" አለ። ጥሩንባ ነፊዋ ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ ከበሮ መቺው ተከተላት፣ እናትየዋም ባላሰበችው መንገድ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሲያልፍ እጇ ቀጥ ብሎ ነበር። ክሩን አንድ በአንድ፣ ጥርስ እንደሚነቅል ሰው እየሳበች፣ በጠሰችው። ሁለተኛው ደወል ሲደወል የመጨረሻውን በጥርሷ ነክሳ አወጣችው።

ልጁ የጎኑን ምላሶች ሳብ አድርጎ ኋለኛው ቁልፍ ላይ ቆለፋቸው። እጆቹን ወደ ላይ ሰቀለ። ሱሪው ንቅንቅ አላለም።

"አየሽ?"

"አየሁ" አለች፣ ሳታምን።

ኮቱን አለበሰችው። ሄደ።

እናትየዋ ሮጣ ወንበሯ ላይ እንደተመለሰች መጋረጃው ተከፈተ። ጭብጨባው ጋብ አለ። ልጁ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ፣ ቀጭኗን ዘንግ ይዞ ቆመ። ከዚያ ሁለቱም እጆቹ ከራሱ በላይ ወጡ፣ ኮቱ ከኋላ ተነሳ፣ እትዬ ምናልባት የባሏን ጭን ጨበጠች።

ጥሩንባዎቹ ገቡ! አዳራሹ ተናወጠ። እሷ ግን ዐይኗ ወገቡ ላይ ነበር። ኮቱ ሲነሳ ወገቡ ይታያል፣ ልሙጥ፣ ለስላሳ፣ እንደተሰፋበት ሆኖ። ኮቱ ሲወርድ ይሸፈናል። ወደ ቫዮሊኖቹ ሲያጎነብስ ትንፋሿን ትውጣለች። ከበሮዎቹን ሊጠራ ብድግ ሲል ጥፍሯ የባሏ ጭን ውስጥ ይገባል። ባሏ አንዴ ቢያመው "እግሬን!" አለ፤ አልለቀቀችውም። በልቧ ሱሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ እየጎተተች ነበር። እየጎተተች፣ እየጎተተች፣ ድንገት ሁሉ ነገር ጸጥ አለ።

ከዚያ አዳራሹ ፈነዳ። ሰው ሁሉ ተነሳ። ባሏ ተነስቶ እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ ያጨበጭባል።

"ሰማሽው? ኧረ ሰማሽው ወይ? እንዴት ነበር?"

"አልወለቀም" አለች።

"ሙዚቃውን ነው የምልሽ!"

እትዬ ምናልባት የባሏን እርጥብ ጉንጭ አየች። አንድም ድምፅ አልሰማችም። ልጇ ሌሊት ሲያጠናው፣ ጠዋት ሲያንጎራጉረው የከረመውን፣ እንጀራው የሆነውን ነገር፣ ቁጭ ብላ ሳለ አለፋት። አበቃ፣ አለፈኝ።

ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው መሪ ከፊተኛው ረድፍ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የተነሱት። አዳራሹ ዝም አለላቸው። እስከዛሬ በሰው ፊት ልጁን "ምክትሌ" እንጂ ሌላ ብለውት አያውቁም።

"ይደገም" አሉ። "ይደገም እንጂ፣ መሪ!"

ሙዚቀኞቹ መጀመሪያ እግራቸውን መሬት ላይ ደበደቡ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተቀበላቸው። ይደገም! ይደገም! እትዬ ምናልባት ከሁሉ በላይ ጮኸች፤ ድምፅዋ እንደዚያ እንደሚወጣ ራሷም አታውቅም ነበር።

ልጁ ዞሮ እጅ ነሳ። ዝቅ ሲል ወገቡ ላይ የሚያብለጨልጭ አንዳች ነገር አልነበረም፤ የሚያብለጨልጨው ፊቱ ነው። ሰው ሁሉ ተቀመጠ፣ እሱም ተመልሶ ዞረ። እጆቹ ወደ ላይ ሲወጡ እናትየዋ የባሏን እግር አልያዘችም፣ ወንበሯ ላይ ተደላደለች፣ ዐይኗን ጨፈነች።

"ምነው?" አለ ባሏ ጆሮዋ ስር። "አታይም እንዴ?"

"ዝም በል" አለች። "እየሰማሁ ነው።"