መርዛማው ኩሬ

ልብስ ሰፊው በኢንተርኔት ጨዋታው የፈውስ አስማቱን ሠላሳኛ ደረጃ ላይ ለማድረስ ሦስት ወር ሙሉ ከተኩላ ጋር እየታገለ ቁስሉን ሲያክም ከርሟል። ሚስቱ ግን ያንኑ ጨዋታ በጀመረች በሁለት ሳምንቷ አርባኛ ደረጃ ገባች። አንጀቱ አረረ።

«ማን አሳየሽ?» አላት፣ ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ።

«ማንም። መርዛማው ኩሬ ውስጥ እቆምና ራሴን ደጋግሜ አድናለሁ። አንተም ሞክረው።»

«የሰነፍ ጨዋታ» ብሎ አጣጣለው። እሷ ገበያ ስትሄድ ግን ተደብቆ ኩሬው ውስጥ ገባ። የአስማት ኃይሉ ቶሎ አለቀበትና ሊሞት ሲል ሚስቱ ለካ ታክሲ ውስጥ ሆና በስልኳ እየተጫወተች ኖሮ ደርሳ አዳነችው።

«ተባረክ የኔ ጌታ» ብላ ጻፈችለት፤ «ሌላ ሰው ማዳን እጥፍ ነጥብ ያስገኛል ለካ። አርባ አንድ ገባሁ።»

ደግማ ልታክመው ስትጠጋ፣ አርባ ሁለት እንዳትገባ ብሎ ከኩሬው ወጥቶ እየሮጠ ሸሻት።