ከጉልበት በታች ይቆረጥ

«ይህችን ሴት የሚያውቃት ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት» አለ መጽሐፍ ሻጩ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ሥዕል ከግድግዳው እያስደገፈ።

የሠዓሊው ሚስት የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ጨበጠች። ባሏ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶታል፤ ልጇም አጠገቧ ተቀምጣለች። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው እንግዲህ ጉዷ የሚወጣው!

ሰውየው ኑሮው አሮጌ መጽሐፍ መሸጥ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ብሎ የያዘው ግን የድሮ የኪስ ልቦለዶችን የሽፋን ሥዕል ማሳደድ ነው፤ ዋናው ሥዕል የት እንደቀረ፣ ማን እንደሳለው፣ ማንን አይቶ እንደሳለው። በአሥራ አንድ ሽፋኖች ላይ አንዲት ሴት አግኝቷል። ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ ፊቷን አንድም ቀን አሳይታ አታውቅም። ሁሉንም የሳላቸው ሰፈሩ «ጋሽ ብሩሽ» ይለው የነበረው ሟቹ ነው።

ሚስቱ ያቺን ሴት ሠላሳ አራት ዓመት ስትፈራት ኖራለች።

ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች ነው የመጀመሪያው መጽሐፍ ታትሞ የመጣው። የሐር ቀሚስ የለበሰች ሴት ጨለማ በር ፊት ቆማለች። እሷ ደግሞ የሐር ቀሚስ ለብሳ ቀርቶ ነክታም አታውቅ።

«ማን ናት?» አለችው፣ የቀልድ አስመስላ።

ጋሽ ብሩሽ አቀረቀረ። «ከነገርኩሽማ ተበላሸ።»

ተበላሸ! ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች። አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል፤ ሽፋኑን ገልብጣ መደርደሪያው ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ፈሪ ናት፣ ምን ታድርግ። ይበልጥ የሚያስፈራት ደግሞ ደግነቱ ነበር። ነጠላ ጫማዋ ሲበጠስ ሳትነግረው በሽቦ ሰፍቶ በሩ ሥር ያስቀምጥላታል። የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ትላለች ለራሷ።

«ልጄ፣ ሌላ ቀን ብትመጣስ?» አለችው አሁን።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ቀኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ነገ መንገደኛ ነኝ። ከማተሚያ ቤቱ መጋዘን የተገኘ ዋናው ሥዕል ነው፤ አንዴ ብቻ ይዩልኝ።»

ጥግ የያዙ ሁለት ጎረቤቶች ተንሾካሾኩ። «ሌላ ሴት ነበረችው እንዴ?» የሚለው ጆሮዋ ውስጥ ጥልቅ አለ። ልጅቷም ሰምታለች። የአባቷ ስም ሲነሳ ዓይኗ የሚበራ ልጅ ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ልትቀብረው ነው።

«ይፍቱት» አለች ልጅቷ፣ ኮስተር ብላ።

ገመዱ ተፈታ። እናትየው ዓይኗን ጨፈነች።

«ከመጽሐፉ ሽፋን ይረዝማል» አለ ሰውየው። «ሲታተም ታችኛው ክፍል ቀርቷል። ይኸው፣ ጀርባው ላይ ባለቤትዎ በገዛ እጃቸው ‹ከጉልበት በታች ይቆረጥ› ብለው ጽፈዋል። ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶኛል። መቼም የሐር ቀሚስ ከእንዲህ ያለ ጫማ ጋር ማን ይለብሳል?»



«እማዬ፣ ዓይንሽን ግለጪ» አለች ልጅቷ፤ ሳቅም ለቅሶም እየተናነቃት። «አንቺ እኮ ነሽ!»

ገለጠች። ከሐር ቀሚሱ በታች በሽቦ የተሰፋ ነጠላ ጫማ አለ። የቀኝ እግሯ ከጫማው ወጥቶ የግራ ባቷ ላይ ተለጥፏል።

«ዕቃ ስታጥቢ ሁሌ እንዲህ ነው የምትቆሚው። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይሽ እኔን ‹ዝም በይ፣ ካወቀች ትዞራለች› ይለኝ ነበር።»

«ውይ፣ አንተ ሰውዬ» አለች እናትየው፣ ባሏን። ለካ ስትፈራት የኖረችው ሴት እሷው ራሷ ናት፤ ይህን በአፉ የሚነግራት ባሏ ግን ከእንግዲህ የለም።

ብርጭቆዋን ይዛ ተነሳችና ወደ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧውን ከፈተች። ብርጭቆው ከጸዳም በኋላ ታጥበዋለች። ቀኝ እግሯ ቀስ ብሎ ከጫማው ወጣ። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነው፤ እሷ ግን አልዞረችም።