ረቢ ፒንሐስ የተረጎሙት ስንኝ

ረቢ ፒንሐስ ያንን የቅዱስ መጽሐፍ የመከራ ግጥም ኢየሩሳሌም ውስጥ አርባ ዓመት አስተምረዋል። ልጆቹን ባንድ ቀን የተነጠቀው ጻድቅ፣ ሊያጽናኑት መጥተው ሲከሱት የዋሉት ሦስት ወዳጆቹ፣ የሁሉም ንግግር በቃላቸው ነው። በሰው መከራ ላይ ሲራቀቁ የሚስተካከላቸው አልነበረም።

አሁን እንደ አይሁድ የሐዘን ሥርዓት ሸሚዛቸውን ደረቱ ላይ ቀደው ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አንድያ ልጃቸው ኤልያቂም በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞቶ ከተቀበረ ስድስት ቀኑ ነው። ሐዘንተኛ በሰባቱ የሐዘን ቀናት ከሐዘን መጻሕፍት ሌላ ማንበብ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ያንኑ ግጥም ይገልጣሉ፤ ሁለተኛው ወዳጅ ንግግር ላይ ሲደርሱ ይዘጉታል።

ልብስ ሰፊው ኖሪኤል በየቀኑ እየመጣ ፊት ለፊታቸው ይቀመጣል። በሥርዓቱ ለቀስተኛ ሐዘንተኛው ቀድሞ ሳያናግረው ቃል አይተነፍስም። እሳቸው ደግሞ ሌላውን ሁሉ እያናገሩ እሱን ያልፉታል።

“ይሄ ሰውዬ እዚህ ሊያረጅ ነው እንዴ?” አለች እህታቸው ሐቢባ፣ ያልተነካውን የሐዘንተኛ ምግብ፣ የተቀቀለ እንቁላሉን፣ እያነሳች። “ኧረ አንድ ነገር በለውና ይሂድ!”

ምን ይበሉት? ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የኖሪኤል ልጅ ቲርጻ በዘጠኝ ዓመቷ ስትሞት፣ አባትየው “ለምን?” ብሎ ጠይቋቸው ነበር። እሳቸውም የሁለተኛውን ወዳጅ ስንኝ ገልጠው፣ ልጅ ያለ ኃጢአት አይቀሠፍም፣ ቤታችሁን መርምሩ አሉት። እግዚአብሔር በመጽሐፉ መጨረሻ እነዚያን ወዳጆች እንደተቆጣቸው ጀማሪ ተማሪ እንኳ ያውቃል። ረቢው ግን አላውቅም ማለት አሳፍሯቸው ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ጸሎቱ አለቀ። ጥቂት ተቀምጠው “ተነሱ” ከተባሉ ሐዘኑ ያበቃል፣ ኖሪኤልም እንደመጣ ይሄዳል። ረቢ ፒንሐስ ፈሩ። ቢሆንም አፋቸውን ከፈቱ።

“ኖሪኤል።”

“አቤት ረቢ።”

“ያኔ የነገርኩህ የእግዚአብሔር ቃል አልነበረም። የዚያ ወዳጅ ነው፤ እሱም ተሳስቷል። እያወቅኩ ነው ያልኩህ። ልጅህ ምንም አላጠፋችም። እናንተም አላጠፋችሁም።”

ኖሪኤል ራሱን ነቀነቀ። “ሚስቴ ናዚማ እኮ እንዳሉን ቤታችንን መረመረች። አንድ ዓርብ የሰንበቱን ሻማ ፀሐይ እስክትጠልቅ አዘግይታ ነበር ያበራችው። እንግዳ በዝቶባት። በዚያ ነው ልጄን የገደልኳት አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን ደጋግማ እያየች ነበር የምትለኩሰው። ስትሞትም ይህንኑ እያለች ሞተች።”

አምና የቀበሯት ራሳቸው ረቢ ፒንሐስ ነበሩ። በቀብሯም ላይ ስንኝ ተርጉመዋል።

“ይቅር በለኝ” አሉ እያለቀሱ።

“እኔ ብያለሁ። እሷስ?”

“በሕጋችን የተበደለው ሰው ከሞተ አሥር ሰው ይዘን መቃብሩ ላይ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዛሬውኑ እሄዳለሁ።”

“ተነሱ ረቢ” አሉ ለቀስተኞቹ።

ኖሪኤል ብድግ ብሎ እጃቸውን ያዘና ከበርጩማው አነሳቸው።

“አሥር ሰው ይፈልጉ” አላቸው። “እኔን ግን ከአሥሩ አይቁጠሩኝ።”