አዲሱ ራዲያተር

የተራራማዋ ወረዳ ብቸኛ አውቶቡስ ሾፌር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲስ ራዲያተር። አሮጌው ከተራራው አናት ሲደርስ ሳይፈላ አልፎ አያውቅም። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ የውሃ ጀሪካኑን ይዞ እስኪበርድ አርባ ደቂቃ ይጠብቃል፤ ተሳፋሪው ወርዶ እያጉረመረመ ሸለቆውን ያያል። ሰዉ ሾፌሩን «ማንቆርቆሪያ» ይለው ጀመር። ይህ ስም እንደ እሾህ ይወጋው ነበር።

ባሏ የሞተባት እህቱ እዚያው አናት ላይ ለተናደዱት ሁሉ ሻይ መሸጥ ጀመረች። አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ ሸለቆውን ከሞተሩ እንፋሎት ጋር ፎቶ አነሳችው። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞረ፤ በዓመቱ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ጎብኚ ጎረፈ። ምንም ያልሠሩት የወረዳው አስተዳዳሪ «የቱሪዝም አባት» ተባሉና በደስታ ብዛት ራዲያተሩን አስገዙ።

በመጀመሪያው ቀን ሾፌሩ አናቱን እያፏጨ አለፈው። ከኋላው ጎብኚዎቹ «ኧረ አልፈላም!» እያሉ ጮኹ። በመስታወቱ ሲያይ እህቱ ሠላሳ ብርጭቆ እንደደረደረች አፏን ከፍታ ቀርታለች።

ሲመለስ መንገዱ መሀል ቆማ ጠበቀችው።

«ወንድምዓለም፣ ምን በደልኩህ?»

«በሰዓቴ ገባሁ እኮ! በአሥራ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ!»

«እሰይ! ሠላሳውን ሻይ ታዲያ እኔ ልጠጣው?»

«እሺ፣ እንዲሁ ልቁምልሽ?»

«እንዲሁ ብትቆም ማን ይወርዳል? የሚመጡት እንፋሎቱን ብለው ነው።»

«እኔን ደግሞ ማንቆርቆሪያ እያሉ ይሳቁብኝ?»

«ይሳቁብህ! ልጆቼን የሚያሳድግልኝ ያ ስም ነው።»



በማግስቱ አናቱ ላይ አቆመ። ኮፈኑን ከፍቶ በረጅሙ ተነፈሰና፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፈላ» አለ። ተሳፋሪው እያጨበጨበ ወረደ። እህቱ በጎን ሾልካ የሚንተከተከውን የሻይ ማንቆርቆሪያዋን ከኮፈኑ ሥር ሸጎጠችው፤ እንፋሎቱ ሽቅብ ተትጎለጎለ። ካሜራው ሁሉ ተንጫጫ።

አንድ ሽማግሌ ጎብኚ ግን ጠጋ ብለው አሸተቱ።

«አንተ ሾፌር፣ ራዲያተርህ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።»

ሾፌሩ ጀሪካኑን እንዳቀፈ ቀና አለ።

«አዲስ ነዋ፣ ጋሼ።»